«ብዙ መሣሪያ ያገናኛል» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ብሉቱዝ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት



በጣራ ገዳም አጠገብ በምትገኘው በአዲስ ዘመን ከተማ፥ በአንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ዘመን ውስጥ የሥራችን መሣሪያ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ቀድሞ በካርቦን ወረቀት እያባዛን በእጅ የምንጽፈው የእህል መቀበያ ወረቀት፥ ዛሬ ከስልክ እየታዘዘ በመዳፍ ከምትያዝ ትንሽ ማተሚያ ይወጣል። በስልኩና በማተሚያይቱ መካከል ሽቦ የለም፤ የሚያገናኛቸው ብሉቱዝ የተባለው የአጭር ርቀት የሬዲዮ መገናኛ ነው። ይህ መሣሪያ ድካማችንን እንዳቀለለልን አልክድም። ነገር ግን ጠባዩን ሳያውቁ ቢጠቀሙበት ምን ያህል ችግር እንደሚያመጣ በራሳችን ቤት ስለ ደረሰ፥ ሌላው ነጋዴ ከእኛ ስሕተት ይማር ዘንድ ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማተሚያይቱ ስትገዛ በካርቶኗ ላይ «ብዙ መሣሪያ ያገናኛል» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። እኛም ቃሉን አምነን የገንዘብ ተቀባይዋን፥ የሚዛን ሠራተኛውንና የመጋዘን ጠባቂውን ስልኮች ከማተሚያይቱ ጋር አስተዋወቅናቸው። ሥራ በማይበዛበት ቀን ሦስቱም እየተፈራረቁ ሲያትሙባት አንዳች ችግር አልታየም። በአንድ የገበያ ቀን ግን ሽንብራ የጫኑ ገበሬዎች በበሩ ላይ ተሰልፈው ሳሉ፥ የሚዛን ሠራተኛው ስልክ ማተሚያይቱን አላገኝም አለ። ለካ የመጋዘን ጠባቂው ስልክ ይዟት ኖሯል፤ እርሱም ስልኩን በኪሱ አድርጎ ጆንያ ይቆጥር ስለ ነበር ነገሩን አላወቀም። ሰልፉ ሲረዝም ጊዜ በእጅ መጻፍ ተጀመረ፤ በጥድፊያውም የአንዱ ገበሬ 3 ኩንታል ሽንብራ በሌላው ስም ተጻፈ። ማታ ሒሳቡ ሲመረመር አልገጥም አለ። እውነቱ በማግሥቱ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ዘመን የታመነ አንድ ሠራተኛ በጥርጣሬ ዓይን ታየ። ሒሳቡ በአንድ ቀን ተቃና፤ የሰውየው ልብ ግን እንደ ሒሳቡ ቶሎ አልተቃናም።

ነገሩን ከመረመርነው በኋላ ጥፋቱ የማተሚያይቱም የሠራተኞቹም ሳይሆን፥ «ብዙ ያገናኛል» የሚለውን ቃል ትርጓሜውን ሳንጠይቅ የተቀበልነው የእኛ ሆኖ ተገኘ። ይህንኑ ቃል ዛሬ በጆሮ ማዳመጫው፥ በድምፅ ማጉያው፥ በባር ኮድ አንባቢውና በእጅ ሰዓቱ ካርቶን ላይ ሁሉ እናነበዋለን። ስለዚህ የሚያስመጣውም፥ የሚሸጠውም፥ በሥራው የሚገለገልበትም ሰው ትርጓሜውን ማወቅ ይገባዋል።

የብሉቱዝ አመጣጥ

ብሉቱዝ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድን አገር፥ ሉንድ በተባለች ከተማ፥ በኤሪክሰን ኩባንያ ነው። ያፕ ሃርትሰንና ስቬን ማቲሰን የተባሉት መሐንዲሶች የደከሙበት ዓላማ ስልክንና ሌሎችን መሣሪያዎች በሽቦ ፈንታ በጥቂት ኀይል በሚሠራ ሬዲዮ ለማገናኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሪክሰን፥ ኖኪያ፥ ኢንቴል፥ አይ ቢ ኤምና ቶሺባ በአንድነት ማኅበር አቋቋሙ፤ በሚከተለውም ዓመት የመጀመሪያው ደንብ ወጣ። የማኅበሩ ዓላማ የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ከሌላው ፋብሪካ ዕቃ ጋር እንዲግባባ አንድ የጋራ ሥርዓት ማውጣት ነው።

ስሙ የተወሰደው በ10ኛው መቶ ዓመት ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሃራልድ ነው፤ የንጉሡ ቅጽል «ሰማያዊ ጥርስ» የሚል ነበር። ይህ ንጉሥ የተለያዩ ነገዶችን አንድ አደረገ ስለሚባል፥ የተለያዩ መሣሪያዎችን ለሚያገናኘው ሥራ ስሙ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። በየዕቃው ላይ የምናየውም ምልክት የንጉሡ ስምና ቅጽል የሚጀምሩባቸው ሁለት የጥንት የሰሜን አውሮፓ ፊደላት ተጣምረው የተቀረጹበት ነው።

አንድ አየር ለብዙ መሣሪያ

በአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክና የቴሌግራፍ መሥመር እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር ወደ አዲስ አበባ መዘርጋት ሲጀምር ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በሽቦ ስልክ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ሽቦ ይዘረጋለታል፤ ስለዚህ የአንዱ ንግግር በሌላው መንገድ ላይ አይገባም። በሬዲዮ ግን እንዲህ አይደለም። አየሩ የሁሉ ስለ ሆነ፥ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ አዳራሽ ውስጥ እንደሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢናገሩ አንዱም አይሰማም።

ብሉቱዝ ይህን ችግር የሚያስወግደው በሁለት ብልሃት ነው። የመጀመሪያው ቦታ መለዋወጥ ነው። በብዙ አገር ያለ ልዩ ፈቃድ በሚሠራበት፥ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ባለው የሬዲዮ ክልል ውስጥ፥ ነባሩ ብሉቱዝ 79 ጠባብ መንገዶች አሉት። የተገናኙት መሣሪያዎች አስቀድመው በተስማሙበት ቅደም ተከተል በአንድ ሰከንድ ውስጥ 1600 ጊዜ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ይዘልላሉ። ከ79 መደብ በአንዱ ላይ ጩኸት ቢበዛ፥ ወዲያው ወደ ሌላው መደብ ሄደው እንደሚጨዋወቱ ሁለት ነጋዴዎች መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የወጡት ደግሞ ጩኸት የሚበዛበትን መንገድ ለይተው መተው ተምረዋል።

ሁለተኛው ብልሃት ተራ መጠበቅ ነው። የጽሑፋችንም ዋና ነገር በዚህ ላይ ስለሚቆም ዘርዘር አድርገን እንመልከተው።

የኔታና ተማሪዎቻቸው

በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚያስተምሩትን የኔታን ያላየ የአገራችን ሰው የለም። አንዱ ተማሪ ፊደል ይቈጥራል፤ ሌላው ንባብ ያነባል፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። የኔታ ሁሉንም በአንድ ቃል አይሰሙም፤ አንዱን ጠርተው ካስነበቡ በኋላ ሌላውን ይጠራሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያስተምሩ ይመስለዋል፤ ሥራቸው ግን በተራ ነው።

በነባሩ ብሉቱዝም ዘንድ በእያንዳንዱ ጉባኤ አንድ መሪ መሣሪያ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ መሪው ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ ነው። የቀሩት ተከታዮች ናቸው። መሪው ተከታዩን ይጠራል፤ ተከታዩም ሲጠራ ብቻ ይመልሳል። አንዱ ተራ 625 ማይክሮ ሰከንድ፥ ማለት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። በአንድ ሰከንድ 1600 ተራ ካለ፥ አንዱ ለመጥራት ሁለተኛው ለመመለስ ስለሚውል 800 ጥሪና መልስ ይሆናል። ይህ ለ7 ተከታዮች በትክክል ቢከፈል ለእያንዳንዱ በሰከንድ 114 ያህል ይደርሰዋል። ፍጥነቱ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ለእኛ በአንድ ጊዜ የተሠራ ይመስለናል እንጂ፥ በእውነቱ በየተራ የተሠራ ነው።

ተከታዮቹ ስለ ምን 7 ሆኑ? መሪው ለእያንዳንዱ ተከታይ የሚሰጠው የመጠሪያ ቁጥር ሦስት ቤት ብቻ ያለው ነው። በእያንዳንዱ ቤት ከሁለት ምልክት አንዱ ስለሚገባ፥ ሁለት በሁለት፥ እንደገና በሁለት ቢባዛ 8 መጠሪያ ይወጣል። ከ8ቱ አንዱ ሁሉን በአንድነት ለመጥራት የተጠበቀ ነው፤ ለተከታዮች የሚቀረው 7 ነው።

ከዚህ ላይ ነጋዴው ሁለት ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። አንደኛ፥ ተራው ለብዙ በተከፈለ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። ማተሚያ ጥቂት ቢዘገይ ወረቀቱ ዘግይቶ ይወጣል እንጂ ጉዳት የለውም፤ ዘፈን ወይም ንግግር ግን ተራው ሲያልፈው ይቈራረጣል። ሁለተኛ፥ 7 የተባለው ቁጥር የመሪው እንጂ የተከታዩ አይደለም። አንድ ስልክ የጆሮ ማዳመጫን፥ የእጅ ሰዓትን፥ ማተሚያንና ባር ኮድ አንባቢን በአንድነት ሊይዝ ይችላል። ትንሽ ማተሚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ለአንድ ጌታ ብቻ ነው። እኛ የተሳሳትነው በዚህ ነበር። አንድ መሪ ብዙ ተከታይ ሊይዝ እንደሚችል የተነገረውን፥ አንድ ተከታይ ለብዙ መሪ ይገዛል ብለን ተረጐምነው።

ሦስት የተለያዩ ቃል ኪዳኖች

«ብዙ መሣሪያ ያገናኛል» የሚለው ቃል በካርቶን ላይ ሲጻፍ ከሦስቱ አንዱን ሊያመለክት ይችላል።

1ኛ፤ መዝግቦ መያዝ። መሣሪያው አስቀድሞ የተዋወቃቸውን ብዙ ስልኮች በማስታወሻው ይይዛል፤ ዳግመኛ መተዋወቅ ሳያስፈልግ ከአንዱ ጋር ይገናኛል። የሚገናኘው ግን በየጊዜው ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። የእኛ ማተሚያ እንዲህ ነበረች።

2ኛ፤ ተገናኝቶ መቈየት። አንዳንድ የጆሮ ማዳመጫና ድምፅ ማጉያ በአንድ ጊዜ ከሁለት ስልክ ጋር ተገናኝቶ ይቈያል። ሆኖም የሁለቱን ድምፅ ቀላቅሎ አያሰማም፤ አንዱ ሲያቆም ሌላውን ይቀበላል፤ ወይም ጥሪ ሲመጣ ዘፈኑን ያቆማል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ሁለት ወጣቶች በአንድ ድምፅ ማጉያ ላይ የየራሳቸውን ዘፈን ለማሰማት ሲሟገቱ የሚሆነው ይህ ነው።

3ኛ፤ አንዱን ድምፅ ለብዙ ማካፈል። ይህ አንድ ስልክ ለሁለት ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ድምፅ ማጉያ በአንድነት ሲያሰማ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ይህን የሚያደርጉት ፋብሪካዎች በየራሳቸው ዘዴ ስለ ሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ፋብሪካ ድምፅ ማጉያ ከሌላው ፋብሪካ ጋር አይጣመርም። ደንበኛው አንዱን ከእኛ፥ ሁለተኛውን ከጎረቤት ሱቅ ገዝቶ «አልሠራም» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አዲሶቹ ስልቶች

እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው በ4.0 ደንብ፥ ኀይል ቈጣቢ የተባለው ሁለተኛው የብሉቱዝ ዓይነት ተጨመረ። መንገዱ 40 ነው፤ ባትሪ የሚፈጀውም እጅግ ጥቂት ነው። በመጋዘንና በኮንቴይነር ውስጥ ሙቀትና እርጥበት መዝግበው የሚይዙ ትንንሽ መሣሪያዎች በዚህ ስለሚሠሩ፥ ቅባት እህልና ጥራጥሬ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። በዚህ ዓይነት የተከታዮች ቁጥር በ7 አይወሰንም፤ ወሰኑ የመሪው መሣሪያ ዐቅም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ መልእክት ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሁለተኛው፥ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እየተቀባበለ እንዲሄድ የሚያደርግ ሥርዓት ወጣ። በዚህ ሥርዓት በአንድ መረብ ውስጥ እስከ 32,767 መጠሪያ ሊኖር ይችላል። በትልልቅ ሕንፃና መጋዘን ውስጥ መብራትን ለማዘዝ የሚጠቅም እንጂ ለዘፈን የታሰበ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የ5.4 ደንብ ለባለ ሱቆች የሚሆን ነገር ይዟል። በመደርደሪያ ላይ የሚለጠፈው የዋጋ ምልክት እንደ ትንሽ ሰሌዳ ሆኖ ዋጋው ከአንድ ማዕከል እንዲለወጥ ያስችላል። አንድ ማዕከል በመጠሪያ ቁጥር እስከ 32,640 ምልክቶችን ለይቶ ማዘዝ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እያንዳንዱ ምልክት ጥቂት ቃል ብቻ ስለሚቀበልና የቀረውን ጊዜ ተኝቶ ተራውን ስለሚጠብቅ ነው።

ስለ ድምፅም እ.ኤ.አ. በ2020 ኤል ኢ ኦዲዮ የተባለ አዲስ ሥርዓት ይፋ ሆኗል። ከእርሱ ክፍሎች አንዱ ኦራካስት ይባላል፤ አንዱ አሰራጭ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ሆኖ በአቅራቢያው ላሉት ተቀባዮች ሁሉ ያሰማል። ነገር ግን አሰራጩም ተቀባዩም ይህን ሥርዓት የሚያውቁ መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ አስመጪዎች በብርቱ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ በካርቶን ላይ «ብሉቱዝ 5.3» ወይም «5.4» ተብሎ መጻፉ ብቻ ይህን ሁሉ መቻሉን አያረጋግጥም። በደንቡ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ክፍሎች ፋብሪካው ቢወድ የሚጨምራቸው፥ ባይወድ የሚተዋቸው ናቸውና።

ስለ ቦታና ስለ እንቅፋት

በብዙ ዕቃዎች የሚገኘው የብሉቱዝ ኀይል 2.5 ሚሊዋት ሲሆን፥ የሚደርሰውም 10 ሜትር ያህል ነው። እስከ 100 ሚሊዋት የሚሰጠው ዓይነት በሜዳ ላይ እስከ 100 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ በአዲስ ዘመን፥ በወረታም ሆነ በደብረ ታቦር ያሉት ብዙዎቹ መጋዘኖቻችን በቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው፤ ብረታ ብረትም ሞገዱን ይመልሰዋል። የሰው ገላም ውኃ ስለሚበዛበት ሞገዱን ይውጠዋል፤ በመሆኑም በገበያ ቀን ሱቁ በሰው ሲሞላ ግንኙነቱ ይደክማል። ዋይ ፋይና የማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ የሬዲዮ ክልል ስለሚሠሩ ከመሣሪያው ራቅ ማለታቸው ይሻላል። ብዙ ሠራተኞች በአንድ ማተሚያ የሚጠቀሙበት ወይም መጋዘኑ ሰፊ የሆነበት ነጋዴ፥ በዋይ ፋይ ወይም በሽቦ የሚሠራ ማተሚያ ቢገዛ ይበጀዋል።

ስለ ጥንቃቄ

ቴሌብር ከተጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ ነጋዴ ስልክ የገንዘብ ቦርሳው ሆኗል። ስለዚህ ማንነቱ የማይታወቅ መሣሪያ «እንተዋወቅ» ብሎ ሲጠይቅ እሺ ማለት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 ብሉቦርን የተባለው ጉድለት በታወቀ ጊዜ፥ ብሉቱዛቸው ክፍት በሆነ ብዙ ስልኮች ውስጥ ሌላ ሰው ሳይፈቀድለት ሊገባ እንደሚችል ታይቷል። መድኃኒቱ የስልኩን ፕሮግራም በየጊዜው ማደስና በማያስፈልግበት ሰዓት ብሉቱዙን መዝጋት ነው። ማተሚያውም ከፋብሪካ ሲመጣ የምሥጢር ቁጥሩ 0000 ወይም 1234 ከሆነና መለወጥ የሚቻል ከሆነ ወዲያው ይለወጥ፤ በስማችን ሐሰተኛ የመቀበያ ወረቀት እንዳይታተም ያግዛልና። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ስልክም ከመዝገቡ ይፋቅ።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አስመጪው ለፋብሪካው፥ ባለ ሱቁም ለአስመጪው የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

ሀ) ዕቃው ስንት ስልክ መዝግቦ ይይዛል? ከእነዚያስ ውስጥ በአንድ ጊዜ ተገናኝተው የሚቈዩት ስንት ናቸው?

ለ) ሁለት ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያስለቅቃል ወይስ ይጠብቃል?

ሐ) ድምፅ ማጉያ ከሆነ ከሌላ ፋብሪካ ዕቃ ጋር ይጣመራል? በምን ሥርዓት?

መ) የብሉቱዝ ምልክት የተለጠፈበት በማኅበሩ ደንብ መሠረት ተመርምሮ ነውን?

ሠ) በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለዚህ ዓይነት መሣሪያ የሚጠይቀው ማረጋገጫ ተሟልቷልን? ይህ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት እንጂ ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ አይደለም።

መልሱን በጽሑፍ መቀበል መልካም ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ከማዘዝ በፊት አንዱን አስመጥቶ በሁለትና በሦስት ስልክ መፈተን ከብዙ ኪሳራ ያድናል። ባለ ሱቁም ለገዢው ሲናገር «ብዙ ያገናኛል» ከማለት ይልቅ «የብዙ ስልክ መዝገብ ይይዛል፤ የሚሠራው ግን በየጊዜው ከአንዱ ጋር ነው» ቢል፥ ምናልባት ያን ቀን አንድ ዕቃ ሳይሸጥ ይቀር ይሆናል፤ የተመለሰ ዕቃና የተቈጣ ደንበኛ ግን አይኖረውም።

እኛም በመጨረሻ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ማተሚያይቱን በሚዛኑ አጠገብ አኑረን ለሚዛን ሠራተኛው ስልክ ብቻ ሰጠናት፤ የሌሎቹን ስልኮች ከመዝገቧ ፋቅን። ገንዘብ ተቀባይዋና መጋዘን ጠባቂው የታተመውን ወረቀት እያዩ ይሠራሉ። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ሰልፉ ቢረዝምም በማተሚያይቱ ምክንያት ሥራ አልቆመም። ያለ በደሉ የተጠረጠረውንም ሠራተኛ አሠሪያችን በሁላችን ፊት ይቅርታ ጠየቁት። እርሱም፥ «ማተሚያይቱ ለሁለት ጌታ አልገዛም ስላለች እኔ ከሰስኩኝ» ብሎ ሲስቅ ሁላችንም አብረን ሳቅን።

ሚዛንን የሚያውቅ ነጋዴ ኪሎው ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቃል፤ ጨርቅ የሚገዛም ሜትሩን ራሱ ይለካል። እንዲሁም «ብዙ» የተባለውን ቃል ስንት ነው? ለማን ነው? በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በተራ? ብሎ መለካት ከዛሬው ነጋዴ የሚጠበቅ ነው።